ከግቢ ሳይወጡ ወፍ መለየት፦ ለመሀል አዲስ አበባ ነዋሪ

ብዙዎቻችን ለወፎች ያሉን ስሞች ሁለት ናቸው፤ ትልቅ ከሆነ «አሞራ»፣ ትንሽ ከሆነ «ወፍ»። ርግብን፣ ቁራንና ጉጉትን ብንጨምርበት የአንድ እጅ ጣት ነው። በኢትዮጵያ የተመዘገቡት የወፍ ዝርያዎች ግን ከ800 በላይ ናቸው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር በዓለም ላይ የትም ከማይገኙት መካከል አንዳንዶቹ በየማለዳው በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስና በፒያሳ ሰማይ ያልፋሉ፤ ጣሪያችን ላይ ያርፋሉ። እነርሱን ለማየት ባሕር አቋርጠው፣ ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚመጡ ሰዎች አሉ። እኛ መስኮት መክፈት ይበቃናል።

የምኖረው ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው። በግቢያችን አንድ ያረጀ ጽድና አንድ የኮክ ዛፍ፣ አጥሩን ተከትሎ የበቀለ ራስ ክምርም አለ። ከዚህ በታች የምጽፈውን አብዛኛውን የተማርኩት እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ቡናዬን ይዤ ተቀምጬ ነው።

መቀመጫና ሰዓት

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ፤ አንድ ብቻ። በረንዳ ይሁን የኮንዶሚኒየም መስኮት ወይም የጋራ ግቢ ውስጥ ያለ ድንጋይ ልዩነት የለውም። ዋናው ነገር ከዚያ ሆናችሁ ቢያንስ አንድ ዛፍ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የጣሪያ ጫፍ ማየት መቻላችሁ ነው። ውኃ የሚያቁርበት ጉድጓድ ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ ቢጫዋም ሰማያዊዋም ወፍ ያው ጥቁር ትሆንበታለች።

ጥሩው ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። ሌሊቱን ጦማቸውን ያደሩ ወፎች በዚያ ሰዓት ምግብ ፍለጋ ይወጣሉ፣ ይዘምራሉ፣ ድንበራቸውን ያስከብራሉ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የፀሐይ መውጫ ሰዓት ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም፤ አንድ ጊዜ የለመዳችሁት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ያገለግላችኋል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላም እስኪመሽ ድረስ ሌላ መልካም ጊዜ አለ። እኩለ ቀን ላይ ዛፉ ጸጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ቀና በሉ። መሬቱ ሲግል የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ ጭላትና ጥንብ አንሳ ክንፋቸውን ሳያራግቡ በእርሱ ላይ እየተሽከረከሩ ይወጣሉ።

ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ምንም ላታዩ ትችላላችሁ፤ እናንተ ስትመጡ ተደብቀዋልና። አትነሡ። መጀመሪያ ድምፃቸው ይመለሳል፤ ከዚያ ቅጠሉ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ እነርሱ ራሳቸው ይወጣሉ።

ስሙን ለጊዜው ተዉት

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። ወፍ ሲያይ ስሟን ለመፈለግ ወደ ስልኩ ይጎነበሳል። ቀና ሲል ወፏ የለችም፤ ምን እንደምትመስልም አያስታውስም። ስለዚህ ወፏ እስካለች ድረስ እርሷን ብቻ እዩ፤ የምታዩበትንም ቅደም ተከተል አስቀድማችሁ ልመዱ።

መጀመሪያ መጠን። በሴንቲሜትር ለመገመት አትድከሙ። ሦስት መለኪያዎች አሉን፦ ድንቢጥ፣ ርግብ፣ ቁራ። «ከድንቢጥ ታንሳለች» ወይም «ከርግብ ትበልጣለች፣ ከቁራ ታንሳለች» ማለት በቂ ነው።

ቀጥሎ ምንቃር። ምንቃር ለወፍ ማንኪያም ቢላዋም ነው፤ ምን እንደምትበላ ይነግራችኋል። አጭርና ወፍራም ከሆነ ጥሬ ሰባሪ ናት። ቀጭንና ሹል ከሆነ ነፍሳት ለቃሚ። ጫፉ እንደ መንጠቆ ከታጠፈ ሥጋ ትበላለች። ቀጭን ሆኖ እንደ ማጭድ ወደ ታች ከጎበጠና ወፏ ትንሽ ከሆነች የአበባ ማር ትቀዳለች ማለት ነው።

ከዚያ ጅራቷንና ጠባይዋን። ጅራቷ ከአካሏ ይረዝማል? መሬት ላይ ትሮጣለች ወይስ ትዘላለች? ለብቻዋ ናት፣ በጥንድ ወይስ በመንጋ? ሽቦ ላይ ቀጥ ብላ ትጠብቃለች ወይስ ቅጠል ውስጥ ትርመሰመሳለች? ጠባይ ከቀለም በላይ ይታመናል።

ቀለም የመጨረሻው ነው። እርሱንም ስታዩ «ቡናማ ናት» ብላችሁ አትለፉ፤ ቅንድቧን፣ ጉሮሮዋን፣ ማጅራቷን፣ የክንፏን ጠርዝና ከጅራቷ ሥር ያለውን ላባ እዩ። ወፍ ከወፍ የሚለየው ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ትንንሽ ቦታዎች ነው።

ቀለም የሚያሳስተው ለምን እንደሆነ ራስ ክምሩ አስተምሮኛል። በጥቅምት ብርቱካናማ አበባው በግንዱ ዙሪያ በክብ በክብ ሲፈነዳ ሁለት ወፎች ይመጡ ነበር። አንዷን «ጥቁር፣ ረጅም ጅራት» ብዬ፣ ሌላዋን «ግራጫማ፣ ነጣ ያለ ቅንድብ» ብዬ ለየብቻ መዘገብኳቸው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለት ዝርያዎች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ጠዋት ጥቁሩ ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ዞር ሲል ጥቁር አልነበረም። አንገቱ እንደ ተወለወለ ነሐስ ያበራል፤ ደረቱና ጀርባው ሐምራዊ ነው፤ አንድ ጊዜ ራሱን ሲያዘነብል ሐምራዊው ጠፍቶ እንደገና ጥቁር ሆነ። ግራጫማዋ በዚያው ግንድ ላይ፣ ከእርሱ በታች ነበረች። ሁለቱም በአንድ ዓይነት የጎበጠ ምንቃር፣ አንድ ዓይነት አበባ፣ በአንድ ዓይነት አኳኋን ይቀዱ ነበር። ባልና ሚስት ነበሩ። ምንቃራቸውን ከቀለማቸው በፊት ባይ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይገባኝ ነበር።

የዚህች ወፍ ሳይንሳዊ ስም ነክታሪኒያ ታካዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1814 ስም ሲወጣላት በተከዜ ወንዝ ነው የተሰየመችው። በእንግሊዝኛ ታካዜ ሰንበርድ ትባላለች። ብዙ ሰው ሃሚንግበርድ ይላታል፤ ሃሚንግበርድ ግን ከአሜሪካ አህጉሮች ውጪ የለም። የእኛዋ አየር ላይ ቆማ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ግንዱን ይዛ ነው የምትቀዳው።

ደብተር

አንድ ኪስ የሚገባ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ እርሳስ ዝናብ ቢነካው አይለቅም። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ከዚያም ያያችሁትን በቅደም ተከተሉ ጻፉ። ከእኔ ደብተር አንዱ ይኸውላችሁ፦

«ኅዳር 9፣ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ፣ ኮኩ ላይ። ከድንቢጥ ታንሳለች። ምንቃር ቀጭን። ስምንት ያህል ሆነው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይሄዳሉ፤ ቅጠሉን ከሥር ያያሉ፤ ያለማቋረጥ ይጠራራሉ። ጀርባ አረንጓዴ፣ ጉሮሮ ቢጫ። ዓይኗን የከበበ ነጭ ቀለበት!»

ያን ቀን ስሟን አላወቅሁትም። በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ግን ነጩ ቀለበት ብቻውን አገናኘኝ፤ በእንግሊዝኛም ዋይት አይ ነው የሚሏት፣ ነጭ ዓይን ማለት ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ፦ በደብተሩ ዳር ለአማርኛ ስም ቦታ ተዉ። አያቶቻችን የሚያውቋቸውን ብዙ የወፍ ስሞች እኛ አልተቀበልናቸውም፤ ያልተጻፈ ስም ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። እኔ ጎረቤታችን የሆኑትን እናት ሁልጊዜ እጠይቃቸዋለሁ። አንድ ማለዳ፣ «እማማ፣ እነዚህ ጎህ ሲቀድ እየጮኹ የሚያልፉት ትልልቅ አሞሮች ምን ይባላሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ጋጋኖ ናት እንጂ ልጄ፣ አሞራ አይደለችም» አሉኝ። ስሙን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አንብቤው ነበር፤ በየቀኑ ከራሴ በላይ የምትበር ወፍ ስም መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

በመጀመሪያው ወር የምትለዩዋቸው

ከጋጋኖ ጀምሩ። ከቤት ሳትወጡ፣ ከአልጋ ሳትነሡ ልትመዘግቧት ትችላላችሁ፤ ጠዋት በመንጋ ከማደሪያቸው ተነሥተው ሲያልፉ ድምፃቸው ሻካራና ተከታታይ ነው፣ ሳቅም ጩኸትም ይመስላል። መሬት ላይ ስታርፍ ጥቁር ቡናማ፣ ረጅም የጎበጠ ምንቃር ያላት ወፍ ናት፤ ሣር ውስጥ ምንቃሯን እየወጋች ትልና ነፍሳት ታወጣለች። ከጉሮሮዋ ሥር ቀጭን ቆዳ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ስትበር ክንፏ ላይ ሰፊ ነጭ ይገለጣል። ለሳይንስ የመዘገባት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ አትገኝም።

ሁለተኛ ቁራ። የእኛ ቁራ ተራ ቁራ አይደለም። ምንቃሩ ወፍራም፣ ጎባጣና ከራሱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትልቅ ነው፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ አለ። በዓለም ካሉ የቁራ ዘመዶች ሁሉ በግዙፍነት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሲሆን ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ የለም። ደረቱ ነጭ የሆነ፣ ምንቃሩም ቀጠን ያለ ቁራ ካያችሁ ግን ያ ሌላ ዝርያ ነው፤ እርሱ በአፍሪካ ብዙ አገር ይኖራል።

ሦስተኛ ርግቦች፤ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ብዙ ሰው ሁሉንም የቤት ርግብ አድርጎ ያልፋቸዋልና። ክንፏ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ከተረጨበት፣ ዓይኗም ዙሪያው ቀይ ቆዳ ከሆነ አንድ ዝርያ ናት። ሙሉ በሙሉ ግራጫ ሆና ማጅራቷ ላይ ነጭ ክር የታሰረ ከመሰለ፣ ስትበርም ክንፏ ላይ ነጭ ከታየ፣ ያቺ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ርግብ ናት፤ በተፈጥሮዋ ገደል ላይ የምታድር ስለሆነች የድንጋይ ሕንፃና የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ትወዳለች። ከሁለቱም አነስ ያለች፣ ጠቆር ያለች፣ በአንገቷ ግራና ቀኝ ጥቁር ያለባትና ዛፍ ውስጥ የምታንጎራጉረው ዋኔ ናት።

ጭላት ለመለየት ጅራት በቂ ነው፤ ጫፉ በመሀል ገባ ብሎ የተሰነጠቀ ነው፣ ስትበርም እንደ መሪ ግራና ቀኝ ታጣምመዋለች። ሥጋ ቤት ባለበት መንደር ሁሉ አለች። ጥንብ አንሳ ግን ጅራቱ አጭር፣ ክንፉ ሰፊና ጫፉ እንደ ጣት የተከፋፈለ ነው። በቄራ በኩል የምታዩት ምንቃረ ቀጭኑና ፊቱ ሮዝማው ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተራ ተመዝግቧል። ስታዩት ቁጥሩን መጻፍ አትርሱ።

የቀሩትን ባጭሩ ልንገራችሁ። ራሷ ግራጫ፣ ክንፏ ቀላ ያለ ቡናማ፣ በጣሪያ ክፈፍ ሥር የምትኖረው ድንቢጣችን ናት። ከእርሷ ጋር የምትለቅም፣ ቡናማ፣ ቅንድበ ነጭ፣ ምንቃረ ወፍራም ወፍ ጥሬ በላተኛ ናት፤ በአፍሪካ ቀንድ ካልሆነ በቀር አትገኝም። ቢጫ ሆና ፊቷ ላይ ጥቁር ጭምብል ካለ ጎጆዋን በሣር የምትሸምን ወፍ ናት። ራሷ ላይ ጉትዬ ያላት፣ ጅራቷ ከአካሏ የሚረዝም፣ በመንጋ ሆና ፍሬና ቅጠል ላይ እንደ አይጥ የምትንሸራተተዋን በእንግሊዝኛ ማውስበርድ ይሏታል፤ ኮኩ ሲበስል የእኛን ዛፍ ከእኛ በፊት የምትቀምሰው እርሷ ናት። ምንቃረ ብርቱካን፣ ሆደ ቀላ፣ የረገፈ ቅጠል እየገለበጠች በመሬት የምትሮጥም አለች።

አንዷን ግን ባጭሩ አላልፋትም። ጥቁርና ነጭ ናት፤ ጅራቷ ረጅም፣ የምንቃሯ ጫፍ መንጠቆ። አጥር ላይ ወይም ሽቦ ላይ ብቻዋን ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ከአጥራችን እሾሃማ ሽቦ ላይ አንበጣ ተሰክቶ አየሁ፤ በማግስቱ ትንሽ እንሽላሊት። የሠፈር ልጆች ሥራ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወፏ ራሷ ፌንጣ ይዛ መጣች፣ እሾሁ ላይ ጎትታ ሰካችውና መቦጨቅ ጀመረች። እግሯ እንደ ጭላት ጠንካራ ስላልሆነ ያደነችውን የሚይዝላት ነገር ትፈልጋለች፤ በገጠር የግራር እሾህ የሚሠራላትን በከተማ ሽቦው ይሠራላታል። አጥራችሁን ፈትሹ።

ወቅት

«የመስቀል ወፍ» የምንለው በዓመት አንድ ጊዜ የሚታየውን ሰው ነው። ብዙ ሰው ወፏ ከሩቅ የምትመጣ ይመስለዋል። ሣር ባለበት ባዶ ቦታ በክረምቱ መጨረሻ የሚታዩትን አንዳንድ ወንድ ወፎች ግን ልብ ብላችሁ ተከታተሉ፤ ለምሳሌ ምንቃሩ ቀይ፣ አካሉ ጥቁርና ነጭ፣ ከአካሉ እጅግ የሚረዝም ቀጭን ጅራት ያለውን። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ያ ጅራት ይረግፋል፤ ወንዱም እንደ ሴቷ ቡናማ ዥንጉርጉር ሆኖ ከድንቢጦች ጋር ይቀላቀላል። አልሄደም፤ ልብሱን ነው የለወጠው። ሴቷ ደግሞ ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን በሌሎች ትንንሽ ወፎች ጎጆ ትጥላለች።

በእርግጥ ከሩቅ የሚመጡም አሉ። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች በወንዝ ዳርና በግቢ ዛፎች ይውላሉ። ጅራቷን ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ እያደረገች በቀበና ድንጋዮች ላይ የምትመላለስ ቢጫ ሆድ ያላት ወፍ ካያችሁ የመጀመሪያዋን ቀንና የመጨረሻዋን ቀን ጻፉ።

መነጽርና ጥንቃቄ

ያለ ባይኖኩላር ለወራት መማር ይቻላል፤ ከገዛችሁ ግን 8 በ42 ወይም 8 በ32 የሚል ምረጡ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት መስተዋቱን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። ከ10 እጥፍ በላይ የሚያቀርበው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። አጠቃቀሙም ዘዴ አለው፦ ዓይናችሁን ከወፏ ላይ ሳትነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ። መነጽሩን አስቀድሞ አድርጎ ወፏን የሚፈልግ አያገኛትም።

በመሀል ከተማ ግን ሌላ ነገር አለ። ቤተ መንግሥት፣ መሥሪያ ቤት፣ ኤምባሲና የጦር ግቢ በየአቅጣጫው ነው፤ ወደ እነርሱ ባይኖኩላርም ካሜራም አታዙሩ፣ ወፏ ምንም ያህል ብታጓጓ። ለጎረቤቶቻችሁም አስቀድማችሁ ንገሩ፤ መስኮታቸውን የምታዩ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። አንድ ጊዜ ከአንድ ድርጅት አጥር ውጪ ቆሜ ባሕር ዛፍ ላይ ያለ የጭላት ጎጆ ሳይ ሽማግሌው ጥበቃ መጡ። «ልጄ፣ ወዴት ነው የምትመለከተው?» አሉኝ። «አባባ፣ ያችን ጭላት ነው፤ ጎጆ እየሠራች ነው» ብዬ መነጽሩን ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። «ጨርቅና ሽቦ ነው እኮ የምታመላልሰው!» አሉ። እውነት ነው፤ ጭላት ያገኘችውን ሁሉ ትጠቀማለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሳልፍ ስለ ጎጆው የሚነግሩኝ እርሳቸው ናቸው። ጥያቄ ሲመጣ አትደንግጡ፣ አታምባርቁ፤ ሰላምታ ስጡና አሳዩ።

ግቢውን ማሰናዳት

ከእህል ይልቅ ውኃ ይቅደም። ጠርዙ ሰፊ የሆነ የሸክላ ሳህን፣ ጥልቀቱ ከሦስት ወይም ከአራት ጣት ውፍረት ያልበለጠ፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ድንጋይ። በየቀኑ ጠዋት ውኃውን ቀይሩ፣ በየሳምንቱ በብሩሽ ፈትጉት፤ የቆሸሸ ውኃ በሽታ ያስተላልፋል። ድመት ዘላ ከማትደርስበት ቦታ አስቀምጡት። በበጋ ይህ ሳህን ከማንኛውም ዛፍ የበለጠ ወፍ ያመጣላችኋል።

ጥሬ መበተን ከፈለጋችሁ እፍኝ የማይሞላ ማሽላ ወይም ዳጉሳ ይበቃል። ጨው ያለበት ትርፍራፊ አትስጡ። ቦታ ካለ ራስ ክምርና እሬት ትከሉ፤ የረገፈውን ቅጠል በአንድ ጥግ ሳትጠርጉ ተዉት። የነፍሳት ማጥፊያ መድኃኒት አትርጩ። የአይጥ መርዝንም ተዉ፤ የተመረዘችውን አይጥ ጭላት ወይም ጉጉት ይበላታልና። እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ካገኛችሁ አትጠጉ፤ የእናንተን መመላለስ ቁራ ያየዋል።

ከግቢ ውጪ

ግቢያችሁን ስትጨርሱ፣ ማለትም ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ፣ ያረጀ ዛፍ ወዳለበት ሂዱ። በመሀል ከተማ ያረጀ ጽድና ወይራ በብዛት የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ነው። ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት፣ ለጥበቃው ወይም ለካህኑ ተናግራችሁ ግቡ፤ መነጽሩን አንገታችሁ ላይ ከማንጠልጠላችሁ በፊት ፈቃድ ይቅደም። ጽድ ላይ የምትፈልጉት አጭር ጅራት ያላትን አረንጓዴ በቀቀን ነው፤ ፍሬውን ትበላለች። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። እርሷም የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናት። ቀድሞ የምትሰሟት በጥድፊያ ስታልፍ በሹል ድምፅ ስትጮኽ ነው፤ ድምፁን ስትሰሙ ወደ ዛፉ ጫፍ እዩ።

የስድስት ኪሎው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ዛፎችም ጥሩ ናቸው። ያያችሁትን ለማረጋገጥ መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ ይረዳል፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ ሰጥታችሁት የሚመልሰውን ስም ከደብተራችሁ ጋር ሳታስተያዩ አትቀበሉ። ዝርዝራችሁን ኢበርድ በተባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡ ከሌሎች ተመልካቾች መዝገብ ጋር ይቀመጣል፤ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ስንት ደቂቃ እንደተመለከታችሁ አብራችሁ ሙሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም አለ፤ ከሚያውቅ ሰው ጋር አንድ ጠዋት መውጣት ለብቻ ከሚያሳልፉት ወር ይበልጣል። ዝናብ ከቤት ካስቀራችሁ ደግሞ አራት ኪሎ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ የሚከፈትበትን ሰዓት ጠይቃችሁ፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ያሉት አይበሩም፤ ምንቃርን ከምንቃር፣ ማጅራትን ከማጅራት በአንድ ክንድ ርቀት ማስተያየት ትችላላችሁ።